ካርታ የሚሏት ሴት

በአምቡላንስ ጥሪ ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። አለቃውም፣ ሾፌሮቹም፣ ወለል የምታጸዳዋም ሴት ሳትቀር "ካርታ" ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ አንጋፋ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ኮምፒዩተሮቹ ተበላሽተው ክፍሉ ሲተራመስ፣ እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ መኪኖቹን ሁሉ በቃሏ ስትመራ ዋለች። "ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ ድልድዩን ሳትሻገር ወደ ግራ ታጠፍ። ዋናውን መንገድ ተወው፣ ተቆፍሯል።" ሥራው ሲያበቃ ሾፌሩ መጥቶ ጠረጴዛዋን መታ መታ አደረገና "ካርታው እዚህ ተቀምጦ እኛ ኮምፒዩተር ጠፋ ብለን እንጮሃለን እንዴ?" አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

ዕድሜዋ ከሃምሳ ጥቂት አለፍ ያለ፣ ቀጠን ያለች፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ቀልጠፍ ያለ ሴት ነበረች። ባሏ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። በወጣትነቱ የእግር ኳስ ዳኛ ስለነበር ሰፈሩ እስከ ዛሬ "ዳኛው" ይለዋል፤ ፊሽካውን ከቤት ቁልፍ ጋር አንጠልጥሎ ነው የሚዞረው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አንጎል ታጠናለች። ዘመድ አዝማድ ሥራዋን ሲጠይቃት "ሆርሞኖች በነርቭ ሴሎች መካከል ያለውን ግንኙነት እንዴት እንደሚያጠብቁና እንደሚያላሉ አጠናለሁ" ትላለች። አባቷ ደግሞ "የአይጥ ሐኪም ናት" ብሎ ያሳጥረዋል።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ነው። ሌላው ሰው እጅጌውን ሰብስቦ መስኮት ክፈቱ በሚልበት ሰዓት እሷ ሹራብ ላይ ሹራብ ትደርባለች። ቀጥሎ ድካም መጣ። እንቅልፍ ጠግባ ተነስታም ሰውነቷ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳታል። የምትበላው ሳይጨምር ቀሚሷ ጠበባት። "ዕድሜ ነው" አለች፤ የሥራ ጓደኞቿም "ዕድሜ ነው" አሏት፤ በዚህ ሁሉም ተስማሙ።

ከዚያ ቃላት መጥፋት ጀመሩ። አፏ ላይ የደረሰ ስም ተመልሶ ይሰወራል። የባሰው ግን መንገዶቹ ናቸው። ድሮ አንድ ሰፈር ሲጠራላት መንገዱ ከነመታጠፊያው፣ ከነጉድጓዱ ፊቷ ላይ ይዘረጋ ነበር። አሁን ግማሹ ላይ ይቆረጥባታል። የዳቦ መጋገሪያው ጥግ ድረስ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። ኮምፒዩተሩ እስኪነግራት ትጠብቅና ራሷ ያስታወሰች መስላ ትናገራለች። ማንም አልነቃባትም።

እህቷ ልጇን ድራ ብዙም ሳይቆይ፣ ካርታ በስልክ ሲጫወቱ "ለመሆኑ ሰርጉ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች። እህቷ በሳቅ ፈነዳች። "አንቺ ልጅ ቀልድሽ አያልቅም! መድረኩን ለብቻሽ ይዘሽው አልነበር እንዴ!" ካርታም አብራ ሳቀች። ስልኩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ የቧንቧውን ውሃ ከፈተችና የሰርጉን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ከሰርጉ አንዲት ነገር እንኳ ትዝ አላላትም።

ምን እንደሆነ አውቃለች፤ ወይም ያወቀች መስሏታል። እናቷ የሞቱት ሁሉን ረስተው ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሷን በሞተች አክስቷ ስም ይጠሯት ነበር። ደግ ነበሩና፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?" ይሏት ነበር፣ ያጎረሰቻቸውን እጅ እየሳሙ። "የኔም ተራ ደረሰ" አለች በልቧ። ነገሩንም በሆዷ ይዛ ለማንም ሳትተነፍስ ከረመች።

ባሏ ዐይን አለውና አይቷል። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "እስቲ ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ" አላት።

"ምን ሊሉኝ? የማውቀውን ሊነግሩኝ?"

"የምታውቂው ምንድን ነው?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "የእናቴን አይተሃል አይደል? እርግጡን ሳላውቅ የምኖረውን ጊዜ አትቀማኝ" አለች። ዳኛው የአንድ እግሩን ጫማ ሳያስር ወጥቶ ሄደ።

በሆዷ የያዘችው ፍርሃት በሥራ ቦታዋ ፈነዳ። አንድ ሰውዬ ደረቱን አሞት ወደቀ ተብሎ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት አካባቢ ተደወለ። ካርታ ሰፈሩን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አፏ ግን "አዲሱ ወፍጮ ቤት" አለ፤ አዲሱ ያለው ደግሞ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። መኪናው ሳይረን እያሰማ በተቃራኒው በረረ። ሾፌሩ ደርሶ ሰው ሲያጣ በሬዲዮ ጠየቃት፤ እሷም አድራሻውን ደገመችለት፣ አሁንም አዲሱን። ደግነቱ ሌላ አምቡላንስ በሽተኛ አድርሶ በዚያ በኩል ሲመለስ ነበርና አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ስህተቱን ሰምታ ጠራችው። ሰውዬው ተረፈ። ካርታ ግን ማዳመጫዋን አውልቃ እጇን ጭኖቿ መሃል ከትታ ቀረች።

አለቃው በማግስቱ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አብረው ነው ያረጁት። "አዲስ ለሚቀጠሩ ሁሉ ማስተማሪያ አድርጌ የማሰማው ያንቺን ጥሪ ነው" አላት። "መጀመሪያ እሱን እንስማ። ከዚያ የትናንቱን። የምትይኝን ትይኛለሽ።"

የድሮው ቅጂ ተከፈተ። ጥርት ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ ግን ሰውን የሚያረጋጋ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የትናንቱ መጣ። ጎርናና፣ የሚጎተት፣ ምላሱ ያበጠ ሰው የሚያወራ የሚመስል ድምፅ።

"ይቺ ደግሞ ማናት?" አለች ካርታ።

አለቃው የምትቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው። "አንቺ ነሽ" አላት። "እረፍት ውሰጂ። ወንበርሽን ማንም አይነካውም። ግን ሳትታከሚ እዚህ አላስገባሽም፤ ቁርጡን ልንገርሽ።"

አውቶቡስ ውስጥ መስታወቱን ተደግፋ ተቀመጠች። ያ ጎርናና ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። እናቷን አሰበች። እናቷ ስሟን ረስተዋል፣ ቤታቸውን ረስተዋል፣ ማንኪያ አያያዝ ሳይቀር ረስተዋል። ድምፃቸው ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን እንደ ደወል ነበር። ጎረቤት ሁሉ "ድምፃቸው እንኳ አላረጀም" ይል ነበር።

የእናቴ ድምፅ አልተቀየረም እኮ፣ አለች በልቧ። ታዲያ የኔን ምን ነካው?

ቤቷ ጋ ስትደርስ አልወረደችም። እስከ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደች።

የልጇን የሥራ ቦታ አይታው አታውቅም። ጠባብ ክፍል ነው፣ መስኮት የሌለው፣ ጠረጴዛው ላይ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች የተዘረጉበት። ልጅቷ ነጭ ካፖርት ለብሳ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራለች። ከማይክሮስኮፑ ስር፣ አረፋ በሚል ፈሳሽ ውስጥ፣ ከአይጥ አንጎል የተቆረጠ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ተቀምጧል። ቀና ስትል እናቷን አየችና ደነገጠች።

"እማዬ! ምን ሆንሽ? አባዬ ደህና ነው?"

"ሁላችንም ደህና ነን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። የመርሳት በሽታ ድምፅ ያጎረንናል?"

"እንዴት? ... አይ፣ እንደዚያ አያደርግም። ለምን ጠየቅሽኝ?"

ካርታ የደበቀችውን ሁሉ አፈረጠችው። መንገዶቹን፣ ሰርጉን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የተቀዳውን ድምፅ። ልጅቷ ስታዳምጥ ዐይኗ ከእናቷ ፊት ላይ መነሳት አቃተው። ያን ፊት በየሳምንቱ ትስመዋለች፤ እንደ ዛሬ ግን ተመልክታው አታውቅም። ጉንጯ አብጧል። የቅንድቧ ጫፍ ሳስቷል። እጇ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ክፍሉ በማሽኖቹ ሙቀት እንደ ምጣድ እየጋለ፣ እናቷ ሹራብ ለብሳ፣ በሹራቡ ላይ ኮት ደርባ ተቀምጣለች።

"እማዬ፣ በርዶሻል?"

"ብርዱ ከያዘኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ምነው?"

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። "ይቺ አይጥ" አለች ወደ ማይክሮስኮፑ እየጠቆመች፣ "ታይሮይድ የሚባለው የአንገቷ እጢ አይሠራም። ሆርሞኑን ካጣች የነርቭ ሴሎቿ መገናኛ እንደሚገባው አይጠብቅም፤ የተማረችው አይያዝላትም። ይበርዳታል፣ ትወፍራለች፣ ትፈዛለች። ስንት ዓመት ነው ይሄን የማየው መሰለሽ? በየቀኑ እኮ ነው የማየው! አንቺን ግን..." ድምጿ ተቆራረጠና ማልቀስ ጀመረች።

ካርታ ተነስታ የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋች። "አይዞሽ! አታልቅሽ። አይጥ መሆኔን በምን ልታውቂ?"

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

በማግስቱ ሦስቱም ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። የካርታን አንገት ዳሰሰች፣ ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ አድርጋ እግሯ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚመለስ አየች፣ ደሟ እንዲመረመር አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አንብባ መነጽሯን አወረደች።

"የአንገትዎ እጢ ሥራ አቁሟል ማለት ይቻላል" አለች። "ከአንጎል ስር አንድ አለቃ እጢ አለ። የአንገቱን እጢ 'ሆርሞን አምርት!' ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። የእርስዎ አለቃ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም።"

"ማዕከሉ በሬዲዮ እየጠራ መኪናው አይመልስም ማለት ነው" አለች ካርታ።

"ከኔ የተሻለ አስረዱት። ሆርሞኑ ደግሞ ለሙቀትና ለክብደት ብቻ አይደለም፤ አንጎልም ለማስታወስ ይፈልገዋል።"

ካርታ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለች። "እናቴ የሞቱት ረስተው ነው። የኔስ እሱ አይደለም?"

"እሱ በፍጹም የለም ብዬ አልምልልዎትም፤ ሐኪም እንዲህ አይምልም። ግን ያየሁት ሁሉ የሚለው እጢውን ነው፤ ይሄ ደግሞ የሚታከም ነው። ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ ይውሰዱ። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደምዎን አይቼ መጠኑን አስተካክላለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ዳኛው የሚያደርገው ጠፋው። ሚስቱን ሊያቅፍ አለና እጁ መሃል መንገድ ላይ ቀረ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ፊሽካውን አወጣና ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋው። ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ብድግ አለ። አንዲት ነርስ ከክፍሏ እየሮጠች ወጥታ "አባት፣ ያምዎታል እንዴ?" ብትለው "እኔን አይደለም፤ እሷንም ሊተዋት ነው!" አላት።

ክኒኑ ግን የተአምር ክኒን አልነበረም። መጀመሪያ የለቀቃት ብርዱ ነው፤ አንድ ቀን ሳታስበው ሹራቧን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። ቀጥሎ ፊቷ ጎደለ፣ ድምጿም ቀስ እያለ መጥራት ጀመረ። መንገዶቹ ግን አልተመለሱም። ዐይኗን ጨፍና ሰፈር ትጠራለች፣ ያው ጭጋጉ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጋ "ሰውነቴን መለሳችሁልኝ፣ ጭንቅላቴን ግን ወስዳችሁ ቀራችሁ" ብላ ልጇ ላይ ጮኸችባት፤ ጥፋቱ የልጅቷ ይመስል።

ልጅቷ አልተከራከረችም። እጇን ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደቻት፤ አባቷም ሳይጠራ ተከተለ። ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈተችላቸው። አንዱ ላይ የነርቭ ሴል ቅርንጫፍ አለ፤ እዚህም እዚያም ጥቂት እሾህ መሳይ ነገር ብቻ በቅሎበታል። ሌላው ላይ ቅርንጫፉ በእሾህ ተሞልቷል።

"እነዚህ እሾሆች አንዱ ሴል ከሌላው መልእክት የሚቀበልባቸው ናቸው" አለች። "ይሄኛው ሆርሞን ካጣች አይጥ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ሆርሞኑ ተመልሶላት ከከረመች። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ያቺን ነገር አትርሺብኝ። ግን እይው፣ ተመልሷል።"

"የኔስ ለምን አይመለስም?"

"ሆርሞኑ መገናኛው እንዲጠብቅ ያስችለዋል እንጂ የትኛው ይጥበቅ ብሎ አይወስንም። የሚወስነው የምትሠሪበት ነው። አንዱ ሴል ደጋግሞ ሲጠራ ሌላው ደጋግሞ ሲመልስ፣ በመካከላቸው ያለው ይጠነክራል። ካልተጠራሩ ይላላል። አንቺ ደግሞ ቤት ቁጭ ብለሽ ትናደጃለሽ።" ካርታ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ ቀደመቻት። "ሌላም አለ። እነዚህ አይጦች መሽከርከሪያቸው ላይ ሲሮጡ አንጎላቸው ውስጥ አንድ ፕሮቲን ይበዛል። ለነርቭ ሴል የእድገት ምግብ በይው። መገናኛው እንዲጠነክር፣ አዲስ እሾህም እንዲያወጣ ያግዛል።"

ዳኛው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። "መሮጥ ካልሽማ" አለ፣ "ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ሥራ ነው።"

ከማግስቱ ጀምሮ በእግር ከተማውን ማሰስ ጀመሩ። እሱ ቱታውን ለብሶ ከፊት፣ እሷ እያጉረመረመች ከኋላ። "ፍጠኚ!" ሲላት "ወግድልኝ፣ ተማሪህ መሰልኩህ?" ትለዋለች። ግን ትፈጥናለች። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፦ መታጠፊያ ላይ በደረሱ ቁጥር ወደ ግራ ምን እንዳለ፣ ወደ ቀኝ ምን እንዳለ ሳታይ በቃሏ ትላለች፤ ከዚያ ሄደው ያረጋግጣሉ። ከሳተች እንደገና ከጥጉ ይጀምራሉ። ባሏ ለትክክል አንድ ጊዜ፣ ለስህተት ሁለት ጊዜ ፊሽካ ይነፋ ነበር፤ የሰፈር ሰው መስኮት እየከፈተ መቆጣት ሲጀምር አጨብጭቦ ተወው።

አንዳንዱ ቀን ይከፋል። ድሮ ባዶ ሜዳ የነበረ ቦታ በታመመችበት ዓመት አዲስ ሰፈር ሆኗል፤ ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቢጫ። እዚያ ውስጥ መንገዱ ጠፋባት። መውጫውን ስትፈልግ ዞራ ዞራ እዚያው ቦታ መጣች። ልቧ ይደልቅ ጀመር፤ ልቧ በደለቀ ቁጥር ደግሞ የምታውቀው ሳይቀር በነነባት። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

"በቃኝ። አልቻልኩም።"

ዳኛው አጠገቧ ተቀመጠ። ሊቀልድ ሞክሮ አልሆነለትም። "አንዴ ትልቅ ጨዋታ ላይ" አለ፣ "ሕዝቡ ሲጮህብኝ የኦፍሳይድ ሕግ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የማስተምረው ሕግ! ቆሜ ውሃ ጠጣሁ። ስረጋጋ ተመለሰ። ሰው ሲደነግጥ ይጠፋበታል፤ ልጅሽም ብላዋለች፣ የድንጋጤ ሆርሞን ትዝታን ያፍናል ብላለች። እንቀመጥ። የሚያቻኩለን የለም።"

ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ከሰገነት ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ ያያሉ። ጥቂት ቆይቶ ካርታ ቀና አለችና "በፋርማሲው በኩል ነው" አለች፤ ልክ ነበረች።

ከዚያ በኋላ አንዳንዱ መንገድ ሳትጠራው ይመጣ ጀመር። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ፀጉሯን ስትታጠብ፣ አንድ መታጠፊያ ከነሱቁ፣ ከነመብራት ምሰሶው ድንገት ግጥም ይላል። አንድ ጠዋት ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ አንድም ሳታስቀር ለባሏ አነበነበችለት። እሱ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ አጨበጨበ።

የእህቷ ልጅ ሰርግ ግን አልተመለሰም። "ምናልባት ያኔ በደንብ አልተቀዳም ይሆናል" አለቻት ልጇ። "ያልተቀዳን ነገር ፈልገሽ አታገኚውም።" ሙሽራዋ ሰምታ ከቪዲዮው ጋር መጣች፤ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተመለከቱ። ካርታ ራሷን ስትጨፍር አየች፤ የማታውቃት ሴት፣ ፊቷ አበጥ ያለ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የምትስቅ። እንባዋን ጠርጋ "ዘፈኑን ባላስታውስም ትከሻዬ አላሳፈረኝም" አለችና እንደገና ከመጀመሪያው አስከፈተችው።

ሐኪሟ የደሟ ውጤት እንደተስተካከለ ስትነግራትና አለቃውም ራሱ ፈትኗት ሲያበቃ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አልተተወችም፤ ስህተቷን ይዛ ሰው ያተረፈችው ባልደረባዋ አብራት እንድታዳምጥ ተደረገ። ካርታ አልከፋትም። "ጆሮሽን አታንሺብኝ" አለቻት።

ከሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ደወሉ።

"ሚስቴ ወደቀች! አትመልስልኝም! ቶሎ ኑ!"

"እሺ አባቴ፣ እንመጣለን። የት ነዎት?"

"እቤት ነዋ! እቤቴ ... እቤታችን ..." ድምፃቸው ተቋረጠ። "ጠፋኝ። ያለሁበት ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት! ምነው ጠፋኝ?" ማልቀስ ጀመሩ። ኮምፒዩተሩ ሞባይላቸው ያለበትን ቦታ የሚያሳየው በሰፊ ክብ ነው፤ በክቡ ውስጥ የሚገቡት ቤቶች ተቆጥረው አያልቁም።

ባልደረባዋ በጭንቀት አየቻት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አድራሻ! አድራሻ ይንገሩኝ!" ይላል። ካርታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አባቴ፣ ስሙኝማ። አልረሱትም። ደንግጠው ነው። የደነገጠ ሰው ይጠፋበታል፣ እኔም ጠፍቶብኝ ያውቃል። አድራሻውን ይተዉት። ሚስትዎ ይተነፍሳሉ? ደረታቸውን ይዩልኝ።"

"... ከፍ ዝቅ ይላል። ትተነፍሳለች።"

"ጎበዝ። ቀስ አድርገው በጎን ያስተኟቸው። ... አሁን ስልኩን እንደያዙ መስኮቱ ጋ ይሂዱልኝ። ምን ያያሉ?"

"ግድግዳ ነው። ቀይ ሸክላ።"

"ከግድግዳው በላይስ?"

"የውሃ ታንከር። ሰማያዊ። መሰላሉ የተሰበረ።"

ካርታ ዐይኗን ጨፈነች። ሰማያዊ የውሃ ታንከር በከተማው ብዙ አለ፤ መሰላሉ የተሰበረው ግን ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለው ነው፤ ከባሏ ጋር አልፈውበታል፣ "ይሄ ሰው ይገድላል" ብሎ ሲያጉረመርም ሰምታዋለች። መንገዱ እየተዘረጋ መጣ፤ የቀይ ሸክላው ግድግዳ፣ ሰያፍ የሚሄደው መተላለፊያ፣ ጫማ ሰፊው የሚቀመጥበት ጥግ። አልተቆረጠም።

"አባቴ፣ ወደ ታች ሲያዩ ጫማ የሚሰፋ ሰው ይታይዎታል?"

"አዎ! አዎ፣ ልጄ! ተቀምጧል!"

"ሁለተኛ ፎቅ ነዎት ወይስ ሦስተኛ?"

"ሁለተኛ። በሩ አረንጓዴ ነው።"

በሌላው እጇ ሬዲዮውን ከፈተች። ድምጿ ጥርት ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ነበር። "ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ በዋናው አትግባ፣ ገበያ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ዙር፤ ጫማ ሰፊው ጋ ስትደርስ ቀና በል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ በር።" ሾፌሩ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እሷ ከሽማግሌው ጋር እያወራች ቆየች፤ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ የበሩን ቀለም ማን እንደመረጠው። የበሩ መንኳኳት በስልኩ ውስጥ ሲሰማ ሽማግሌው ስልኩን ሳይዘጉ ወርውረው ሮጡ።

ባልደረባዋ ማዳመጫዋን አውልቃ አየቻት። ብርጭቆ ውሃ ቀድታ አመጣችላት፤ ካርታ ስትቀበላት ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሴትዮዋ ተረፉ። የስኳራቸው መጠን ወርዶ ኖሯል። ሳምንቱ ሳያልቅ ሽማግሌው ደግመው ደወሉ። ስልኩን ያነሳችው ካርታ ድምፃቸውን ወዲያው ለየችው፤ ክው ብላ "ምን ሆኑ አባቴ? ሚስትዎ ደግሞ ወደቁ?" አለች።

"አይ ልጄ፣ ደህና ናት። እየተቆጣችኝ ነው፤ ደህና ናት ማለት ነው። የደወልኩት ሌላ ነው። አድራሻዬን ልነግርሽ ነው። በቃሌ።"

መስመሩ ለአደጋ ጥሪ ብቻ ነው፤ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ሌላ የሚጠብቅ ጥሪ እንደሌለ ሰሌዳው ላይ አየችና ወንበሯን ወደ ኋላ ደገፍ አለች።

"ይንገሩኝ አባቴ፤ እየሰማሁ ነው" አለቻቸው።